ያልተያዘው ዓሣ ለአጥማጁ ምን ይጠቅመዋል?

ክረምት በገባ ጊዜ ገበሬው ከጐተራው የተረፈውን እህል አውጥቶ በማሳው ላይ ሲበትን፣ እርሻ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢመለከተው «ይኽ ሰው ምን ነካው? ልጆቹ እየተራቡ እህሉን አፈር ላይ ይደፋል!» ማለቱ አይቀርም። እኛ ግን አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ስለ ሆንን ነገሩ አያስደንቀንም። የዘር እህል አይበላም። የበላው ሰው የሚመጣውን ዓመት በጎረቤት ደጅ እንደሚያሳልፍ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል።

በባሕር ላይ ግን ይኽንኑ ቀላል ነገር ማስተዋል ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ዓሣን የዘራው የለም፣ ያረመውም የለም፤ ስለዚህ ከዓሣውም ለዘር የሚቀር ድርሻ ሊኖር ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ዓሣውም አያልቅም ይባል ነበር። ነገር ግን በብዙ ሞቃት ባሕሮች ዳርቻ አባት በግማሽ ቀን ይይዘው የነበረውን ያኽል ዓሣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝፎ የማያገኝበት ጊዜ መጣ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓሣ እንዳይጠመድባቸው የተከለሉ የባሕር ቦታዎች የሪፍን ዓሣና የአጥማጁን ኑሮ እንዴት እንደሚረዱ ማስረዳት ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከሥነ ሕይወት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ድኻውን አጥማጅ «ከዚህ አታጥምድ» ብሎ መከልከል ፍርድ ነውን? ከተከለከለስ የሚጠቀመው እርሱ ነው ወይስ ሌላ? እነዚህን ጥያቄዎች ሳንመልስ ስለ ዓሣው ብቻ ብናወራ ነገሩን በግማሽ እንተወዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪፍ ምንድን ነው? ዓሣውስ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ኮራል ሲታይ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በብዙ ሺሕ እየተያያዙ ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሳቡ ከሥራቸው ጽኑ መቀመጫ ይሠራሉ። የሞተው ሲቀር ሕያው የሆነው በላዩ እየተተከለ፣ በብዙ መቶና ሺሕ ዓመታት ውስጥ ከባሕሩ ወለል የሚነሣ ትልቅ የድንጋይ ካብ ይሆናል። ሪፍ የሚባለው ይኽ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆኑት ሪፎች በቀይ ባሕር የሚገኙት ናቸው።

በዓለም ያሉት የኮራል ሪፎች ሁሉ ቢደመሩ ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ አይሞሉም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ሩብ ያኽሉ በዕድሜያቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ከሪፍ ይጠለላሉ። ትንሹ ዓሣ በስንጥቁ ይደበቃል፤ ትልቁ ትንሹን ሊይዝ ከዋሻው ያደባል፤ በቀቀን ዓሣ የተባለው ደግሞ እንደ በቀቀን አፍ በጠነከረ ጥርሱ ድንጋዩን እየፋቀ በላዩ የበቀለውን የባሕር አረም ይበላል።

እንዲህ ያለው ዓሣ በአጥማጅ ዘንድ ሦስት ድካሞች አሉበት። አንደኛ፣ ብዙው ዓሣ ካደገበት ሪፍ ርቆ አይሄድም፤ ቤቱን የሚያውቅ አጥማጅ ዓሣውን ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ግሩፐርን የመሳሰሉት ትላልቅ ዓሦች እንቁላል ለመጣል በታወቀ ወቅትና በታወቀ የጨረቃ ቀን ከአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ቦታውን ያወቀ ሰው የዓመቱን ዘር በጥቂት ሌሊት ሊያፍሰው ይችላል። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ የግሩፐር ዓይነቶች ሕይወታቸውን በሴትነት ጀምረው ሲተልቁ ወንድ ይሆናሉ። ትላልቆቹ ብቻ ተመርጠው ሲያዙ እንግዲህ የሚጠፉት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ቢተርፉም እንቁላላቸው ያለ አባት ይቀራል።

በዚህ ላይ የአጠማመዱ ክፋት ይጨመርበታል። ዓሣው ሲያንስ አጥማጁ የመረቡን ዓይን ያጠባል፤ ከዚያም አልፎ ድማሚት የሚወረውርና መርዝ የሚረጭ ይመጣል። ድማሚት ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የዓሣውን ቤት ያፈርሳል። ጐተራውን ካቃጠሉ በኋላ እህል መፈለግ ማለት እንዲህ ነው።

የተከለለው ቦታ እንዴት ይሠራል?

አሁን ከአንድ ሪፍ ላይ ጥቂቱን ክፍል ከልለን «ከዚህ ማንም አያጥምድ» ብንል ምን ይሆናል? የሚሆነው በአራት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በተከለለው ቦታ ያለው ዓሣ ያረጃል፣ ይተልቃልም። የዓሣ መተለቅ ደግሞ እንደ ሰው መወፈር አይደለም። ሴቷ ዓሣ ባደገች ቍጥር የምትጥለው እንቁላል ከክብደቷ ይልቅ በፍጥነት ይበዛል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገኘው ቀይ ስናፐር በተባለው ዓሣ ላይ የተሠራ የታወቀ ስሌት አለ፦ 61 ሳንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ሴት የምትጥለው እንቁላል እያንዳንዳቸው 42 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 212 ሴቶች ተደምረው ከሚጥሉት ጋር እኩል ነው። አጥማጁ አንዲቱን ትልቅ ዓሣ ይዞ ደስ ሲለው የ212 እናቶችን ዘር ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱን አያውቅም። ይኽን አንድ ቍጥር የያዘ ሰው የነገሩን ግማሽ ተረድቷል ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ መፍሰስ ነው። ክልሉ በዓሣ ሲሞላ ምግቡና ዋሻው ይጠባል፤ ስለዚህ ከዓሣው አንዳንዱ ከወሰኑ ወጥቶ ወደ ክፍቱ ሪፍ ይሄዳል። ይኽ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወሰኑ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። አጥማጆችም ቶሎ ያውቁታል። በብዙ አገር ታንኳዎቻቸውን በወሰኑ ጠርዝ ላይ ደርድረው መንጠቆ ሲጥሉ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚሰፋው ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው የዓሣ ጫጩት እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነ ለብዙ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት፣ ከባሕሩ ሞገድ ጋር እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ካገኘው ሪፍ ላይ ይሰፍራል። የተከለለው ቦታ እንግዲህ ወሰን የማያግደው ዘሪ ነው። ይኽ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በግምት ሲነገር ቆይቶ በ2012 በታተመ ጥናት በማስረጃ ተደገፈ። በአውስትራሊያ ኬፔል በሚባሉት ደሴቶች ዙሪያ የሚኖሩ ሁለት የሪፍ ዓሣ ዓይነቶችን ይዘው፣ ተመራማሪዎቹ በዘር ውርስ ምርመራ የትኛው ልጅ ከየትኛው ወላጅ እንደ ተወለደ ለዩ። የተከለለው ቦታ ከአካባቢው ሪፍ 28 በመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን በ30 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በተከለለውም በክፍቱም ሪፍ ከሰፈሩት ጫጩቶች ግማሽ ያኽሉ የተወለዱት ከዚያ ነው።

አራተኛው መንገድ የቤቱ ጥገና ነው። እንደ በቀቀን ዓሣና እንደ ሰርጅንፊሽ ያሉት አረም በሎች በመረብ ካለቁ የባሕሩ አረም ሪፉን ይሸፍነዋል፤ አዲስ ኮራልም የሚተከልበት ንጹሕ ድንጋይ ያጣል። እነዚህ ዓሦች ባሉበት ግን ሪፉ ሁልጊዜ እንደሚታረም ማሳ ነው።

ሆኖም ይኽ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ትናንሽ ዓሦች በጥቂት ዓመታት ሊበዙ ይችላሉ፤ ትላልቆቹ አዳኞች ግን ወደ ቀድሞ ብዛታቸው ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈልጋሉ። ይኽን የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ ክልሉን ይከፍተዋል። ይኽ ሲሆን ምን እንደሚከተል በፊሊፒንስ ታይቷል።

የሁለት ደሴቶች ታሪክ

ፊሊፒንስ ከሰባት ሺሕ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በመካከሏ፣ ዱማጌቴ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እዚያ የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩት አንጄል አልካላ የሚባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ አሳብ አነሡ። አሳቡም ከሪፉ ከፊሉን ከልሎ ዓሣውን እየቆጠሩ ማየት ነበር።

የመጀመሪያው ቦታ ሱሚሎን የምትባል ትንሽ ደሴት ሆነች። በ1974 ከሪፏ ሩብ ያኽሉ ተከለለ። ለአሥር ዓመት ያኽል ተጠበቀ፤ በክልሉ ውስጥ ዓሣው በዛ፤ በዙሪያው ባለው ክፍት ሪፍ የሚያጠምዱትም ሰዎች ጥሩ ምርት ያገኙ ነበር። በ1984 ግን የአካባቢው አስተዳደር ሲለወጥ ጥበቃው ፈረሰ። ያገራችን ሰው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ማለቱ በዓሣ ጥበቃ ላይም ይሠራል። አጥማጆች ገቡ። ከነዚህም መካከል ሙሮ አሚ በሚባለው ዘዴ የሚያጠምዱ ነበሩበት፤ ይኸውም ብዙ ዋናተኞች ድንጋይ በታሠረበት ገመድ ኮራሉን እየደበደቡ ዓሣውን ወደ መረብ የሚነዱበት አጥፊ ዘዴ ነው። አሥር ዓመት የተጠራቀመው በወራት ውስጥ ተዘረፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለሳይንስ ትልቅ ትምህርት ሰጠ። ክልሉ በመከፈቱ የማጥመጃው ቦታ ሰፍቷል። እንደ ተራ ስሌት ከሆነ ቦታው ሲሰፋ ምርቱም መጨመር ነበረበት። ነገር ግን አልካላና አውስትራሊያዊው ባልደረባቸው ጋሪ ረስ ከ1983 እስከ 1984 የተያዘውን ዓሣ ከ1985 እስከ 1986 ከተያዘው ጋር ሲያስተያዩ የደሴቲቱ ምርት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ አገኙት። ሰፊ ቦታ፣ ጥቂት ዓሣ! የተዘጋው ሩብ ክፍል ክፍቱን ሦስት አራተኛ ሲመግብ ኖሮ እንደ ነበር የታወቀው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ደሴት አፖ ትባላለች። ስፋቷ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲሆን ሕዝቧ በዓሣ ይኖራል። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወደዚያ ሲሄዱ ትእዛዝ ይዘው አልሄዱም። ለበርካታ ዓመታት ከአጥማጆቹ ጋር እየተቀመጡ ተነጋገሩ፤ አንዳንዶቹንም ወደ ሱሚሎን ወስደው የተከለለውን ሪፍ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። ብዙዎቹ ተጠራጥረው ነበር፤ መጠራጠራቸውም የሚያስነቅፍ አይደለም። ዛሬ የሚበላውን የሚቆርጥበት ሰው «ነገ ይበዛልሃል» ቢለው የማይጠራጠር ማነው? በመጨረሻ በ1982 ጥቂት ቤተሰቦች ተስማምተው 450 ሜትር ያኽል የባሕር ዳር ከለሉ። ኋላም ሌሎቹ ተከተሏቸው፤ ከ1985 ጀምሮም ክልሉ በአካባቢው አስተዳደር ሕግ ጸና። ጠባቂ የጦር መርከብ አልነበራቸውም፤ ከባሕሩ ዳር ተቀምጦ የሚመለከት የመንደሩ ሰው ይበቃ ነበር። ከዚህም ጋር በቀረው ሪፍ ላይ ድማሚትና መርዝ ከለከሉ፤ የውጭ አጥማጆችም እንዳይገቡ አደረጉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከአፖ አጥማጆች ምርት ከ40 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ሰርጅንፊሽና ጃክ ከሚባሉት ሁለት የዓሣ ወገኖች የሚገኝ ነው። በ1983 እና በ2001 መካከል ባሉት 18 ዓመታት በተከለለው ቦታ የእነዚህ ዓሦች ጠቅላላ ክብደት ሦስት እጥፍ ሆነ። ከክልሉ ውጭ ባለው ሪፍም ለወሰኑ ቅርብ በሆነው ቦታ ዓሣው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ። የተከለለው ከደሴቲቱ ሪፍ አሥር በመቶ ያኽሉ ብቻ መሆኑን አንርሳ። በመንጠቆ የሚያጠምደው ሰውም በአንድ ሰዓት የሚይዘው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይኸውም በትንሽ ድካም ያንኑ ያኽል ወይም የበለጠ ዓሣ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ የተረፈውን ጊዜ ለሌላ ሥራ ያውለዋል ማለት ነው።

ሁለቱን ደሴቶች የሚለያቸው ባሕሩ አይደለም፤ ዓሣውም አይደለም። ሱሚሎንን ይጠብቅ የነበረው ከውጭ የመጣ ዕውቀትና የባለሥልጣን ፈቃድ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ሲለወጥ ፈቃዱም ተለወጠ። አፖን የጠበቃት ግን ነገሩ የእኔ ነው ያለ ሕዝብ ነው።

የሌሎች አገሮች ማስረጃ

አንድ ምሳሌ ብቻ ይዞ መደምደም የተማሪ ወግ አይደለምና ሁለት እንጨምር።

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው ሴንት ሉሺያ፣ ሱፍሪዬር በሚባለው አካባቢ፣ በ1995 ከሪፉ 35 በመቶው ለማጥመድ ዝግ ሆነ። አጥማጆቹ ከቦታቸው ሲሦውን አጥተዋል። ሆኖም በአምስት ዓመት ውስጥ በትልቅ ወጥመድ የሚያጠምዱት ሰዎች በአንድ ጉዞ የሚይዙት በ46 በመቶ፣ በትንሽ ወጥመድ የሚያጠምዱት ደግሞ በ90 በመቶ ከፍ አለ።

በሜክሲኮ ደግሞ ካቦ ፑልሞ የምትባል ትንሽ የአጥማጆች መንደር አለች። የመንደሯ ሰዎች ሪፋቸው ባዶ መሆኑን ባዩ ጊዜ መንግሥትን ጠይቀው በ1995 71 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ብሔራዊ ፓርክ አስመሠረቱ። ሕጉ እንዳይጠመድበት የከለከለው ከፓርኩ ከፊሉን ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱ ስምምነት ከሕጉ አልፎ በሙሉ ፓርኩ ማጥመድን አቆመ። ከ1999 እስከ 2009 በአሥር ዓመት ውስጥ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በ463 በመቶ ጨመረ። የመንደሩም ሰው መረቡን ሰቅሎ ዓሣውን ለማየት የሚመጣውን ጠላቂ በጀልባው እያስጐበኘ ይኖራል።

ስሙ ብቻ የቀረ ክልል

ይኽን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ባሕሩን ሁሉ እንከልለው» ሊል ይችላል። የዓለም መንግሥታትም በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ከየብስም ከባሕርም 30 በመቶው እንዲጠበቅ ተስማምተዋል። ነገር ግን በካርታ ላይ መስመር ማስመርና ዓሣ ማዳን ለየቅል ናቸው።

በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ 87 የተከለሉ የባሕር ቦታዎችን መርምሮ አምስት መለኪያዎችን አወጣ። እነርሱም ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ፣ ሕጉ በእርግጥ መጠበቁ፣ ክልሉ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየቱ፣ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መስፋቱ፣ በአሸዋ ወይም በጥልቅ ውሃ ከሌላው ሪፍ የተለየ መሆኑ ናቸው። ከተመረመሩት 59 በመቶ የሚሆኑት ከአምስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ አሟልተው ተገኙ። በእነዚህም ውስጥ ያለው ዓሣ ማንም ከሚያጠምድበት ባሕር ዓሣ ተለይቶ አልታየም። ክልል የሚል ስም አላቸው፤ ዓሣው ግን ስሙን ማንበብ አይችልም።

ከዚህም ሌላ ክልል የማያድነው ነገር አለ። አፖን ያነሣን እንደ ሆነ፣ በታኅሣሥ 2011 የተነሣው ማዕበል የተከለለውን ኮራል ከሥሩ ነቅሎ አፍርሶታል፤ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ሰዎች በአንድ ሌሊት ያዘኑትን ኀዘን መገመት አያዳግትም። የባሕሩ ሙቀት መጨመርም እንዲሁ ወሰን አያውቅም። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ነጭ ሆኖ ይገረጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የሆነው የኮራል መገርጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱን አስታውቀዋል። የተጠበቀ ሪፍ አረም በሎቹ ዓሦች ስላሉት ከጉዳቱ በኋላ የማገገም ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ ከሙቀቱ ግን አያመልጥም።

የአጥማጁም ቅሬታ መሰማት አለበት። ከሪፉ ሲሦው ሲዘጋ በዚያ ያጠምድ የነበረው ሰው አይጠፋም፤ ወደቀረው ሄዶ ከሌላው ጋር ይጋፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የጥቅም ሳይሆን የኪሳራ ዓመታት ናቸው። ባለጠጋው በባንክ ባለው ገንዘብ ይቆያል፤ ድኻው ግን ዛሬ ማታ ልጆቹን የሚያበላውን ይፈልጋል። ስለዚህ ክልሉን የሚያውጅ መንግሥት ወይም ድርጅት እነዚያን ዓመታት ማን እንደሚከፍላቸው አስቀድሞ ካላሰበ፣ አዋጁ በሌሊት በሚገባ መረብ ይፈርሳል። ያ በሌሊት የሚገባው ሰውም ሌባ ከመባሉ በፊት የተራበ መሆኑ መታወቅ አለበት።

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የጋራ የሆነ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል እየተባለ ሁሉም ይሻማበታልና። ብዙ ሰው ይኽን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀበለው። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በብዙ አገር ያሉ ገበሬዎች፣ እረኞችና አጥማጆች ማንም ሳያዝዛቸው የራሳቸውን ደንብ አውጥተው የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ ትውልድ እንደ ጠበቁ አሳዩ። አፖና ካቦ ፑልሞ ለኦስትሮም ምስክሮች ናቸው።

ለእኛስ?

«ባሕር የለንም፤ ኮራልም የለንም፤ ይኽ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ሁለት ነገር ላስታውስ።

አንደኛው፣ ነገሩ ላገራችን እንግዳ አይደለም። በመንዝ የሚገኘውን ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው የኖረው በራሱ ደንብ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ለተከታታይ ዓመታት እየተዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም በአንድነት እንዲያጭድ ይፈቀድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም ቦታው ዛሬም በአካባቢው ሕዝብ የሚጠበቅ ክልል ነው። ሣርና ዓሣ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሣሩ ታጭዶ እንደገና ከሥሩ ይበቅላል፤ የሃያ ዓመት ዓሣ ግን አንዴ ከተያዘ እርሱን የሚተካው ሌላ ሃያ ዓመት ነው። የሪፍ ክልል እንደ ጓሳ በየጊዜው የማይከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጣና ነው። በጣና ሐይቅ ከሌላ ከየትም የማይገኙ የባርበስ ወገን ዓሦች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ልክ እንደ ግሩፐር ጊዜያቸውና መንገዳቸው የታወቀ ነው፤ መረብም በወንዙ አፍ ይጠብቃቸዋል። በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገው ጥናት የእነዚህ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ፣ የጫጩቶቻቸው ቍጥር ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ጫጩቱ ከወላጁ ይልቅ ማነሱ ምን ማለት እንደ ሆነ የዘር እህል የበላውን ገበሬ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ለጣና የሚያስፈልገው የኮራል ክልል አይደለም፤ እንቁላል በሚጣልበት ወቅት የወንዙን አፍ ከመረብ ነፃ ማድረግ ግን በመሠረቱ ያው አሳብ ነው።

እንግዲህ በርእሱ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይኽ ነው። ያልተያዘው ዓሣ ለአጥማጁ እናት ይሆነዋል፣ ዘር ይሆነዋል፣ የቤቱ ጠጋኝም ይሆነዋል፤ ነገር ግን ይኽ ሁሉ የሚሆነው ክልሉ ሲቆይና ጠባቂው የራሱ የሆነ ሕዝብ ሲሆን ብቻ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከዓሣው ይልቅ የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሥራ የሚነግረን ነገር አለ። እነዚያ መምህራን የሱሚሎንን ዓሣ ቆጥረው ጽሑፋቸውን በመጽሔት አሳትመው ቢቀመጡ ኖሮ ዕውቀታቸው እውነት በሆነ ነበር፤ አንድ መንደር ግን ባላዳነ ነበር። አፖ የዳነችው ዕውቀቱን ይዘው ከአጥማጆቹ ጋር ለዓመታት በአሸዋው ላይ ስለ ተቀመጡ፣ ጥርጣሬያቸውንም በትዕግሥት ስለ ሰሙ ነው። አንጄል አልካላ በ2023 ዐረፉ። ከመማሪያ ክፍላችን ወጥተን ወደ ጣና ዳር ወይም ወደ አባቶቻችን ማሳ የምንሄድበት ቀን ሲመጣ፣ የምንናገረውን ብቻ ሳይሆን የምንቀመጥበትንም ጊዜ ይዘን እንሂድ።